ቁልፉና ፊደሉ ሲለያዩ፦ ከጽሕፈት መኪና እስከ ስልክ ኪቦርድ

በጽሕፈት መኪና ላይ ቁልፍና ፊደል አንድ አካል ናቸው። ጣት ቁልፉን ሲጫነው ከሥሩ የተያያዘው የብረት ክንድ ይነሣል፤ በክንዱ ጫፍ የተቀረጸው ፊደልም ቀለም የጠገበውን ሪባን መትቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ቁልፉ በክንዱ ላይ ከተቀረጸው ሌላ ምንም ሊያወጣ አይችልም። የዛሬው ኪቦርድ ግን ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው፤ ያንንም በቁጥር ለኮምፒዩተሩ ያስተላልፋል። ቁጥሩ የላቲን «ኤ» ይሁን የግዕዝ «አ» የሚወስነው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ቁልፉና ፊደሉ እንዲህ እስኪለያዩ ድረስ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ወስዷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመኪናው አካል ክፍል በክፍል ተለውጦ ሲያልቅ የላቲን ፊደላቱ አቀማመጥ ግን ከሞላ ጎደል ሳይነካ ቀረ። ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች የታሪኩ ትልቁ ምዕራፍ የአቀማመጡ መቆየት ሳይሆን የቁልፉና የፊደሉ መለያየት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመኪና የመጻፍ ሐሳብ ከመኪናው በብዙ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሚል በ1714 ፊደላትን በወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ የባለቤትነት መብት አግኝቷል፤ መሣሪያው ምን እንደሚመስል ግን የቀረ ሥዕል የለም። በ1808 አካባቢ ጣሊያናዊው ፔሌግሪኖ ቱሪ ለዓይነ ስውሯ ለካውንቴስ ካሮሊና ፋንቶኒ መጻፊያ መሣሪያ ሠርቶላት ነበር፤ ከመሣሪያው ይልቅ በእሱ የተጻፉት ደብዳቤዎች ዕድሜ አግኝተዋል። ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ ለገበያ የበቃው በኮፐንሃገን የመስማት የተሳናቸው ተቋም ኃላፊ የነበረው ዴንማርካዊ ቄስ ራስሙስ ማሊንግ ሃንሰን የሠራው «የጽሕፈት ኳስ» ነው። ሥራው በ1865 ተጀምሮ በ1870 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። 52 ቁልፎች በግማሽ ኳስ ላይ እንደ ጃርት እሾህ ተተክለዋል። አናባቢዎቹ በግራ፣ ተነባቢዎቹ በቀኝ ሆነው፣ በብዛት የሚያስፈልጉት ፊደላት ፈጣኖቹ ጣቶች የሚደርሱባቸው ቦታዎች ላይ ተቀምጠዋል። ፈላስፋው ፍሪድሪኽ ኒቼ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ በ1882 አንዱን ገዝቶ ሞክሮታል። እያንዳንዱ ኳስ በእጅ የሚሠራና ውድ ስለነበር ግን በፋብሪካ በብዛት ከሚመረቱት የአሜሪካ መኪናዎች ጋር ሊፎካከር አልቻለም። ስለ ጣት ቀድሞ ያሰበው መሣሪያ ተረስቶ በኋላ የመጣው ዓለምን መያዙ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው።

የአሜሪካው መኪና የተወለደው በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ሚልዋኪ ከተማ ነው። የጋዜጣ አዘጋጅና አታሚ የነበረው ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ ከባልደረባው ሳሙኤል ሱሌ ጋር የመጽሐፍ ገጾችን ቁጥር የሚያትም መሣሪያ በመሥራት ላይ ሳለ፣ ካርሎስ ግሊደን የተባለ ሌላ ፈልሳፊ ቁጥር የሚያትም ለምን ፊደል አያትምም ሲል ጠየቀ። ሦስቱ በሰኔ 1868 የባለቤትነት መብታቸውን አስመዘገቡ። የመጀመሪያው ሞዴል ቁልፎች የፒያኖ ዓይነት ሲሆኑ ፊደላቱም በተራ የተደረደሩ ነበሩ። ገንዘብ አውጥቶ የገባው ጄምስ ዴንስሞር ግን በዚያ አልረካም። መኪናዎቹን በዋሽንግተን ለሚኖረው የፍርድ ቤት የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ለጄምስ ክሌፈን እየላከ አስፈተነ፤ ክሌፈንም አንዱን ከሌላው አስከትሎ እየሰበረ ጉድለታቸውን በማያወላዳ ቋንቋ ይጽፍላቸው ነበር። አቀማመጡ የተለወጠው በነዚህ ዓመታት ነው።

በመጋቢት 1873 የማምረት ውሉ በኒውዮርክ ግዛት ኢሊየን ለነበረው ለሬሚንግተን ኩባንያ ተሰጠ። ሬሚንግተን ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ የጦር መሣሪያ ገበያ ሲቀዘቅዝ የልብስ ስፌት መኪና መሥራት ጀምሮ ነበር። በ1874 ለሽያጭ የወጣው የሾልስና ግሊደን መኪና ይህን ዝምድናውን አልደበቀም፤ ገላው አበባ የተሳለበት፣ አንዳንዱም ወረቀቱ ወደ መስመር መጀመሪያ የሚመለስበት የእግር መርገጫ የተገጠመለት ነበር። ዋጋው 125 ዶላር ሆኖ ትልልቅ ፊደላትን ብቻ ይጽፋል። ክንዶቹ ወረቀቱን ከሥር ስለሚመቱት ጸሐፊው የጻፈውን ለማየት ማንሻውን ከፍ ማድረግ ወይም ጥቂት መስመር እስኪሄድ መጠበቅ ነበረበት። ቁጥር አንድና ዜሮ የራሳቸው ቁልፍ አልነበራቸውም፤ በሚመስሏቸው ፊደላት ይተካሉ።

ከላይኛው መስመር ግራ ጫፍ «ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ» ብሎ የሚጀምረውና ክዌርቲ የሚባለው አቀማመጥ ከዚህ መኪና ጋር መጣ። ስለ አመጣጡ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ጸሐፊዎች እጅግ በመፍጠናቸው ክንዶቹ እየተቆላለፉ ስላስቸገሩ ሾልስ ሆን ብሎ እንዲዘገዩ አደረጋቸው የሚል ነው። የታሪኩ ሁለተኛ ግማሽ አያስኬድም። በዚያን ጊዜ በአሥር ጣት በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ገና አልነበረም፤ ዘገምተኛ መኪና ለመሸጥ የሚደክም ነጋዴም የለም። የክንዶች መቆላለፍ ግን እውነተኛ ችግር ነበር። ክንዶቹ በክብ ቅርጫት ተንጠልጥለው ስለሚገኙ ጎረቤታሞቹ ተከታትለው ሲነሡ ይጋጫሉ። በቅርጫቱ ውስጥ ጎረቤት የሆኑት ሁሉ በቁልፎቹ ላይ ጎረቤት አይደሉም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ዘወትር አብረው የሚመጡት «ኢ» እና «አር» በቁልፍ ሰሌዳው ጎን ለጎን መሆናቸው ብቻውን የግጭቱን መላምት አያፈርስም፣ አያጸናም።

የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮኢቺና ሞቶኮ ያሱኦካ በ2011 ሌላ ማብራሪያ አቅርበዋል። እንደነሱ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል የቴሌግራፍ ሠራተኞች ስለነበሩበት አቀማመጡን የቀረጸው የነሱ አስተያየት ነው። በአሜሪካው የሞርስ ምልክት «ዜድ» የሚባለው ፊደል «ኤስ» እና «ኢ» ተከታትለው ሲመጡ ከሚሰማው ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ተቀባዩ የሚቀጥለውን እስኪሰማ ሦስቱንም በቅርብ ማግኘት አለበት፤ በሰሌዳውም ላይ «ኤስ» በሁለቱ መካከል ይገኛል። ማስረጃው ሙሉ አይደለም፤ ቢሆንም አቀማመጡ የአንድ ሊቅ የአንድ ቀን ሐሳብ ሳይሆን በተጠቃሚዎች ቅሬታ ደጋግሞ የተጠጋገነ መሆኑን ያስረዳል። መካከለኛው መስመር ላይ «ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል» በተራቸው ተሰልፈው መገኘታቸው ከጥንቱ የፊደል ተራ የቀረ ቅሪት ነው። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች «ኤም» ከ«ኤል» ቀጥሎ እዚያው መስመር ላይ ነበር፤ «ኤክስ» እና «ሲ» ደግሞ ዛሬ ካሉበት ተለዋውጠው ነበር። በኋላ ተስተካክለው የዛሬውን መልክ ያዙ።

አቀማመጡን ያጸናው ግን ጥራቱ አይደለም። በ1878 የወጣው ሬሚንግተን ቁጥር 2 ሺፍት የተባለውን ቁልፍ አመጣ። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል ተደርበው ይቀረጻሉ፤ ቁልፉ ሲጫን የወረቀቱ ተሸካሚ ራሱ ስለሚንሸራተት ሌላኛው ፊደል ያርፋል። በአንድ ቁልፍ ሁለት ፊደል ማግኘት ቁልፍና ፊደል የሚለያዩበት ጉዞ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ተፎካካሪው ካሊግራፍ ለትልልቆቹና ለትንንሾቹ ፊደላት የየራሳቸውን ቁልፍ ሰጥቶ በድርብ ሰሌዳ ይሠራ ነበር። ሐምሌ 25 ቀን 1888 በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገ ውድድር የሶልት ሌክ ሲቲው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ፍራንክ መጉሪን በሬሚንግተን መኪና የካሊግራፉን ሉዊስ ትሮብን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። መጉሪን ቁልፎቹን ሳያይ በአሥር ጣቱ ይጽፋል፤ ትሮብ ግን እያየ። ያሸነፈው መኪናው ይሁን ዘዴው ማንም ለይቶ አልጠየቀም፤ ጋዜጦች ሁለቱንም አንድ ላይ አወደሱ። ከዚያ በኋላ የንግድ ትምህርት ቤቶች በአሥር ጣት መጻፍን ሲያስተምሩ የሚያስተምሩት በክዌርቲ ሆነ። በ1893 ሬሚንግተን፣ ካሊግራፍ፣ ስሚዝ ፕሪሚየርና ሌሎች አምራቾች ዩኒየን ታይፕራይተር በሚል ስም ተጠቃለው አቀማመጡን አንድ አደረጉ። መሥሪያ ቤቶች ታይፒስት ሲቀጥሩ፣ ሴቶች በብዛት ወደ ቢሮ ሥራ ሲገቡና የሠለጠነ እጅ ተፈላጊ ሲሆን አቀማመጡ ከመኪናው ወጥቶ ወደ ሰው ጣት ገባ። ከዚያ በኋላ መኪናው ቢለወጥም አቀማመጡ የሚለወጥ አልሆነም።

መኪናውም ወዲያው ተለወጠ። ፍራንዝ ዋግነር የነደፈውና በአንደርውድ ስም የወጣው መኪና ክንዶቹን ከፊት አስነሥቶ ጸሐፊው የሚጽፈውን በዓይኑ እንዲያይ አስቻለ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የጽሕፈት መኪና መልክ ይኸው ነው። ከሥር የሚመታው ቅርጫት ሲቀር ለክንዶች ግጭት ተብሎ የተደረገ ማስተካከያ ካለ ምክንያቱም አብሮ ቀረ። አቀማመጡ ግን ቆየ። ጀርመኖች «ዋይ» ብዙ ስለማያስፈልጋቸው ቦታውን ለ«ዜድ» ሰጡ፤ ፈረንሳዮች «ኤ»ን ወደ ላይኛው ማዕዘን አወጡ። በዓለም የላቲን ኪቦርዶች መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ አያልፍም።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ሊቅ ኦገስት ድቮራክ በ1936 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አቀማመጥ ይህን ለመስበር የተደረገው ትልቁ ሙከራ ነው። አናባቢዎቹን በሙሉ በግራ እጅ መካከለኛ መስመር፣ ዋና ዋናዎቹን ተነባቢዎች በቀኝ እጅ መካከለኛ መስመር አድርጎ ጣቶች ከቦታቸው ሳይርቁ አብዛኛውን ሥራ እንዲጨርሱ ፈለገ። በ1944 የአሜሪካ የባሕር ኃይል ያደረገው ሙከራ አስደናቂ ውጤት አሳየ ተባለ፤ ድቮራክ ራሱ በባሕር ኃይሉ ውስጥ መኮንን መሆኑ ግን በኋላ ጥርጣሬ አስነሣ። በ1956 ለአሜሪካ መንግሥት የጠቅላላ አገልግሎት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ኧርል ስትሮንግ ያካሄደው ጥናት ታይፒስቶችን እንደገና ማሠልጠን ወጪውን አይመልስም ብሎ ደመደመ። ነገሩ በዚያው ተቀብሮ በቀረ ነበር፤ በ1985 የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁሩ ፖል ዴቪድ ክዌርቲን አጋጣሚ ያስቀደመው ቴክኖሎጂ የተሻለውን እንዴት እንደሚዘጋ ማሳያ አድርጎ አነሣው። በ1990 ስታን ሊቦዊትዝና ስቲቨን ማርጎሊስ የድቮራክ ብልጫ ራሱ አልተረጋገጠም፣ ስለዚህ ገበያው የተሳሳተበት ነገር የለም ሲሉ መለሱ። ክርክሩ ስለ ኪቦርድ ከመሆኑ ይልቅ ስለ ገበያ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በፍጥነት መለኪያ ሲከራከሩ ያለፏቸው ነገር አለ፦ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው እያሰበ ነው፤ ከጣቱ በፊት የሚቆመው ሐሳቡ ነው። የድቮራክ ምቾት እውነት ቢሆንም ለመቀየር የሚያበቃ ጉርሻ ለብዙው ሰው አልነበረበትም።

ለላቲን ፊደል 44 ቁልፎችና ሺፍት 88 ምልክት ይሰጣሉ፤ ይህም ይበቃል። ለግዕዝ ፊደል ግን ሒሳቡ ከመነሻው አይገጥምም። በአማርኛ ትምህርት የሚቆጠሩት 33 ፊደላት በ7 ረድፍ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ሏ» እና «ቋ» ያሉት፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲታከሉ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ይኸው ነው። ቁልፍና ፊደል አንድ ብረት በሆኑበት መኪና መውጫው አንድ ነው፤ ፊደሉን መበታተን። መሠረታዊው ቅርጽ በአንድ ቁልፍ ይመታል፤ የካዕቡ ቅጥያ፣ የኃምሱ ቀለበት፣ የሳልሱ እግር በሌላ ቁልፍ እዚያው ላይ ይደረባል።

ፊደሉ ለዚህ በከፊል ብቻ ይታዘዛል። «ለ» በጎኑ ቅጥያ ሲጨመርለት «ሉ» ይሆናል፤ «በ» በእግሩ ቀለበት ሲጨመርለት «ቤ» ይሆናል፤ በዚህ መንገድ ብዙ ይሄዳል። ሳድሱ ላይ ሲደረስ ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል። «ል» ከላይ፣ «ብ» ከጎን፣ «ን» ከአናት፣ «ር» ደግሞ ከአንገቱ ነው የሚለወጠው፤ አንድ ቅጥያ ለሁሉም አይሆንም። ራብዑም አስቸጋሪ ነው፤ «በ» «ባ» የሚሆነው አንዱ እግሩ ከሌላው ስለሚረዝም እንጂ የተቀጠለበት ነገር ስላለ አይደለም። ስለዚህ ከመኪናው የሚወጣው ጽሑፍ የሚነበብ ቢሆንም ቅጥያው ከፊደሉ ፈንጠር ያለበት፣ ካህን ከጻፈው ቁም ጽሕፈት ጋር ሲተያይ የተሰባበረ የሚመስል ነበር። በኋላ የጣሊያኑ ኦሊቬቲ በፋብሪካ ያወጣው የአማርኛ መኪና በየመሥሪያ ቤቱ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ደብዳቤና መመሪያ ተጽፎበታል፤ ችግሩ ግን በመሠረቱ አብሮት ኖሯል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፊደሉ ይቀነስ፣ ሞክሼዎቹ ይውጡ፣ ቅጥያዎቹ ወጥ ይሁኑ የሚሉ ሐሳቦች ሲቀርቡ ከምክንያቶቹ አንዱ የሕትመትና የጽሕፈት መኪና ነበር። መሣሪያው ለፊደሉ ካልሆነ ፊደሉ ለመሣሪያው ይሁን ማለት በዚያ ዘመን እንግዳ አስተሳሰብ አልነበረም፤ በቻይናም ተመሳሳይ ክርክር ሲደረግ ቆይቷል። ቻይናዊው ደራሲ ሊን ዩታንግ በ1947 ያሳየው ሚንግክዋይ የተባለ መኪና ሌላ መንገድ ጠቁሞ ነበር፤ በ72 ቁልፎቹ ቅርጽን በክፍልፋዩ ፈልጎ፣ ተመሳሳዮቹን በመስኮት አሳይቶ፣ የተፈለገውን እንዲመረጥ ያደርጋል። መኪናው ለገበያ አልበቃም፤ ቁልፍ ፊደልን የሚጽፍ ሳይሆን የሚፈልግ መሆን እንደሚችል ግን አሳይቷል።

ቁልፍን ከፊደል የለየው ትልቁ ሥራ የተሠራው በቴሌግራፍ በኩል ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1874 ባስመዘገበው ሥርዓት ላኪው አምስት ቁልፎችን እያጣመረ ኮዱን ራሱ ይመታል፤ ኮዱን በቃሉ መያዝ የሰውዬው ሸክም ነው። ዶናልድ መሪ በ1901 ሸክሙን ወደ መኪናው አዛወረው፦ ሠራተኛው በተራ የጽሕፈት መኪና ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ መኪናው ፊደሉን ወደ ኮድ ለውጦ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ይበሳዋል። ከዚህ ወዲያ ቁልፉ ፊደል ሳይሆን ኮድ ይልካል፤ ፊደሉ የሚወለደው መልእክቱ በሚደርስበት ከተማ ነው።

በቢሮም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አይቢኤም በ1961 ያወጣው ሴሌክትሪክ ክንዶቹን በሙሉ አስወግዶ በቦታቸው 88 ምልክቶች የተቀረጹባት አንዲት ኳስ አስገባ። ቁልፉ ሲነካ ከሥር ያሉት ዘንጎች የምልክቱን ኮድ ያጣምራሉ፤ ኳሷ በዚያው ልክ ታጋድላ ዞራ ወረቀቱን ትመታለች። ኳሷን አውጥቶ ሌላ መግጠም ይቻላል፤ ቁልፎቹ ሳይነኩ የፊደሉ መልክ ይለወጣል። ክንድ ስለሌለ የሚቆላለፍም የለም። ለክዌርቲ የሚቀርበው ሜካኒካዊ ምክንያት በሙሉ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሴሌክትሪክ ሰሌዳ ግን ክዌርቲ ነው።

ኮምፒዩተር ኪቦርድን የወረሰው ከነዚህ ሁለት ወገኖች ነው። መጀመሪያ ካርድ በሚበሱ መኪናዎች፣ ቀጥሎ በቴሌታይፕ በኩል ተነጋገረ። ቴሌታይፕ ሞዴል 33 እና አስኪ የተባለው ባለ 128 ምልክት ኮድ ሁለቱም በ1963 ወጡ። የዛሬው ኪቦርድ ላይ ያሉት ኮንትሮልና ኢስኬፕ የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው፤ ፊደል አይጽፉም፣ መኪናውን ያዝዛሉ። ሺፍት በቴሌታይፕ ላይ ከኮዱ አንዲት ቢት ይለውጥ ስለነበር ከቁጥር 2 ጋር ሲጫን የትምህርተ ጥቅስ ምልክት ይወጣል፤ የአሜሪካ ኮምፒዩተሮች በኋላ የሴሌክትሪክን ልማድ ሲከተሉ ጃፓኖች የቴሌታይፑን ይዘው ቀሩ። ከቢት ሒሳብ የመጣ አቀማመጥም ሒሳቡ ከቀረ በኋላ ይኖራል ማለት ነው።

የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር በ1981 በ83 ቁልፎች ወጣ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጣው ባለ 101 ቁልፍ ሰሌዳ ትእዛዝ ሰጪ ቁልፎቹን ከግራ ወደ ላይ አውጥቶ ዛሬም የሚሠራበትን ቅርጽ ሰጠ። የቀስት ቁልፎቹ አሰላለፍ ከሌላው አምራች ከዴክ የተወሰደ ነው። በ1994 ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ቁልፍ ጨመረ። ከቁልፉ ሥር ያለው ከሚታጠፍ ብረት ሽቦ ወደ ርካሽ የጎማ ጉልላት መለወጡ ዋጋውን አወረደ፤ ለእጅ የሚሰማውን ስሜትም አብሮ አወረደ።

ዋናው ለውጥ ግን ከላይ አይታይም። የግል ኮምፒዩተሩ ኪቦርድ አስኪ ኮድ እንኳ አይልክም፤ የቁልፉን የቦታ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው። በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ በጥንቱ የአይቢኤም አቆጣጠር ቁጥሩ 30 ነው። ያው ቁጥር 30 የፈረንሳይ አቀማመጥ በተመረጠበት ኮምፒዩተር ላይ «ኪው» ይሆናል። የአማርኛ መጻፊያ ሲነቃ ብቻውን ከተመታ አናባቢ ፊደል ያወጣል፤ ከ«ኤል» ቀጥሎ ከመጣ ደግሞ ቀድሞ የተጻፈውን «ል» ደምስሶ በቦታው «ላ» ያስቀምጣል። አንድ ቁልፍ ከእሱ በፊት የተመታውን ተመልክቶ ሥራውን መለወጡ በብረት ክንድ ዘመን የማይታሰብ ነበር። ለ231 ፊደል 231 ቁልፍ አያስፈልግም፤ ፊደሉንም መሰባበር አያስፈልግም።

መንገዱ ቢከፈትም ለመድረስ ጊዜ ወስዷል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነበሩ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ በአገር ውስጥም የተለያዩ ባለሙያዎች ግዕዝን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ጀመሩ። ችግሩ አሁን ከቁልፍ ወደ ኮድ ዞሮ ነበር። የጊዜው ፎንት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ከዚያም ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የተያዘው ሲቀነስ ፊደሉ ሙሉ በሙሉ አይገባም። አዘጋጆቹ ፊደላቱን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት እየከፋፈሉ፣ በላቲን ፊደል ቦታ እያስቀመጡ ሠሩ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮውና በየማተሚያ ቤቱ የታወቁት በዚህ ዘመን ነው። እያንዳንዱ የራሱ ኮድና የራሱ የቁልፍ አቀማመጥ ስላለው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይመጣል። የዚያ ዘመን ብዙ ሰነድ ዛሬም የሚነበበው የጻፈው ፎንት ከተገኘ ብቻ ነው።

በ1990ዎቹ እንደ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያሉ ባለሙያዎች ሴራ የተባለ ግዕዝን በላቲን የኮምፒዩተር ምልክቶች የሚወክል ሥርዓት አበጁ። ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድስ ይሆናል፤ አናባቢ ሲከተለው ወደ ረድፉ ይሄዳል። «ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም» ብሎ የመታ ሰው «ሰላም» ያገኛል። «ጠ»ና «ተ»፣ «ጨ»ና «ቸ» በትልቅና በትንሽ ፊደል ይለያሉ፤ «ሸ» «ኤክስ» ላይ፣ «ቀ» «ኪው» ላይ ተቀመጡ። ዛሬ ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የሚከተሉት ይህንን መንገድ ወይም የቅርብ ዘመዱን ነው። ሥርዓቱ የማረከው ለማስተማር ቀላል ስለሆነ ነው፤ ዋጋው ደግሞ አማርኛ ለመጻፍ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ማወቅ መጠየቁ ነው። ሾልስ በሚልዋኪ ለእንግሊዝኛ ያዘጋጀው ሰሌዳ በዚህ መንገድ የግዕዝ ፊደል መሠረት ሆነ። የአራት ነጥብም ጣጣ ከዚህ ይመጣል፦ በዚህ ዓይነት መጻፊያ ሁለቴ የሚመታ ምልክት ስለሆነ ቸኩለው የሚጽፉ ሰዎች ሁለት ነጥብን ደግመው ይተዉታል፣ አለያም የላቲኑን አንድ ነጥብ ያደርጋሉ።

የኮዱ ክርክር የተዘጋው በ1999 ነው። ዩኒኮድ በ3.0 ዕትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ፤ በ2005፣ በ2010ና በ2021 ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨመሩ። ከዚህ በኋላ «ሀ» የትም ቢከፈት «ሀ» ነው። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ ከተባለው ፎንትና ከአማርኛ መጻፊያ ጋር ሲመጣ ፊደሉ ተጨማሪ ሳይገዛ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የሚገኝ ሆነ። ኮዱ አንድ ቢሆንም አቀማመጡ ግን አንድ አልሆነም፤ ዩኒኮድ ፊደሉን እንጂ ቁልፉን አይመድብምና።

ስልክ ሁሉንም እንደገና በጠበጠው። በ12 ቁልፍ የእጅ ስልክ ላይ የላቲን ጸሐፊዎች ቃሉን የሚገምት ቲ9 የተባለ ፕሮግራም ሲያገኙ ለአማርኛ ብዙዎቹ ስልኮች ፊደሉን ማሳየት እንኳ አይችሉም ነበር። ፊደሉን የሚያሳየውም ቢሆን አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፊደል በኮዱ ውስጥ ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይወስዳል። አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ በወጣቶች ዘንድ የተስፋፋው ከዚህ ችግር ጋር ነው፤ ቁልፉ ከተገኘ በኋላም ልማዱ አልጠፋም።

በ2007 የወጣው አይፎን ቁልፉን ራሱን ወደ ሥዕል ለወጠው። ከመስታወት በታች የሚነሣ የሚወርድ ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ ጣቱ የት እንዳረፈ አይቶ፣ ቀድሞ የተጻፈውን መዝኖ የትኛው ፊደል እንደተፈለገ ይገምታል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ማንኛውንም ቅርጽ ሊይዝ ይችላል፤ ለላቲን ተጠቃሚዎች የቀረበላቸው ግን ያው ክዌርቲ ነው። ለአማርኛ የተሠሩት ሁለት መንገድ ሄደዋል። አንዳንዶቹ የላቲኑን ሰሌዳ ይዘው በድምፅ ይጽፋሉ፤ ሌሎቹ ግዕዞቹን በስክሪኑ ላይ ደርድረው አንዱ ሲነካ ሰባቱን ቤተሰብ በረድፍ ያወጣሉ። ሁለተኛው ላቲን ለማያውቅ ሰውም የሚሆን፣ ልጅ በፊደል ገበታ የተማረውን ተራ የሚያከብር ነው፤ በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ መንካትና ዓይን ከሰሌዳው አለመንቀልን ይጠይቃል። በአንዱ ዘዴ የሠለጠነ ጣት በሌላው ላይ እንደገና ጀማሪ ነው፤ «ፀ»ና «ጸ»ን፣ «ሠ»ና «ሰ»ን ለመለየት የሚመታው ቁልፍ ከመጻፊያ መጻፊያ ይለያያል። በ1893 የአሜሪካ አምራቾች ተስማምተው የዘጉት የአቀማመጥ ጥያቄ በአማርኛ ገና ክፍት ነው፤ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ወጥ የአማርኛ የአጻጻፍ ሥልጠና እስከሌለ ድረስም እያንዳንዱ ተጠቃሚ ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ያመጣለትን ይለምዳል።